ከመለወጥ አስቀድሞ መመለሻን ማሰናዳት

ሰው ከሠራቸው መገልገያዎች ሁሉ ኮምፒዩተር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ተሠርቶ ካለቀና ተሽጦ ከባለቤቱ እጅ ከገባ በኋላ፥ በሥራ ላይ እንዳለ፥ ባለቤቱ መልካቸውን እንኳ አይቶ በማያውቃቸው ባለሙያዎች ውስጡ በየሳምንቱ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ፕሮግራሞቹ የተዋቀሩባቸው እልፍ አእላፍ ፋይሎች ጉድለታቸው እየተገለጠ፥ ለሌባ የሚመቸውም ቀዳዳቸው እየታወቀ በየጊዜው በአዲስ ይተካሉ፤ ስለዚህ አፕዴት የምንለው ሥራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ሊሸሸው የማይችለው ግዴታ ሆኗል። ይሁን እንጂ ግዴታ የሆነ ነገር ሁሉ ያለ ፍርሃት የሚፈጸም አይደለም፤ ትናንት በደኅና ይሠራ የነበረውን ነገር ዛሬ ነክቶ የማበላሸትን ጸጸት የቀመሰ ሰው፥ የአፕዴት ማሳሰቢያ በስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር እጁ ቢያመነታ የሚፈረድበት አይደለም።

በሁለት አደጋዎች መካከል

እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው በሁለት አደጋዎች መካከል ነው። የመጀመሪያው ያለመለወጥ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ የተገኘ አንድ ብርቱ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ፤ ነገር ግን ማሻሻያውን ሳይቀበሉ የቆዩ ኮምፒዩተሮች እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ፥ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በተነሣ ጊዜ፥ 150 በሚያህሉ አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮች ፋይሎቻቸው ተቆልፈው ተገኙ፤ በእንግሊዝ አገርም ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ።

ሁለተኛው ደግሞ የመለወጥ አደጋ ነው። በጁላይ 19 ቀን 2024፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው አንድ ሕፀፅ ያለበት ማሻሻያ፥ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን ጣላቸው፤ አውሮፕላኖች ከመነሣት፥ ባንኮችና ሆስፒታሎችም ሥራቸውን ከማከናወን ተስተጓጎሉ፤ ከወደቁትም ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በራሳቸው ሊነሡ ስላልቻሉ ባለሙያ እያንዳንዳቸው ዘንድ እየደረሰ የተበላሸውን ፋይል በእጁ ማጥፋት ነበረበት።

ይህ ሁለተኛው ታሪክ የደረሰው ከዚህ በታች በምንናገርለት በሊኑክስ ዓለም ባለመሆኑ፥ የምንገልጸው ጥበብ ያን ዕለት ያድን ነበር ብለን አንመሰክርም። ነገር ግን ሁለቱ ታሪኮች ባንድነት የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ፤ ያልለወጠ ሰው ለሌባ ይጋለጣል፥ የለወጠም ሰው በለውጡ ሊሰናከል ይችላል፤ እንግዲያስ ብልህነት ያለው ለውጥን በመሸሽ ወይም ዓይንን ጨፍኖ በመቀበል አይደለም፤ ከለውጡ አስቀድሞ፥ የሰው መርሳት ሊያሰናክለው በማይችል መንገድ፥ የመመለሻውን በር ከፍቶ በማቆየት ነው እንጂ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው የአባቶች ብሂል በብዙ ነገር እውነት ቢሆንም፥ በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ግን አስቀድሞ ለተሰናዳ ሰው የፈሰሰውን ማፈስ የሚቻልበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

በእኛ ዘንድ ኮምፒዩተር ከአፕዴት በኋላ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ የተለመደው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዲስኩ ይጠረጋል፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ገና ይጫናል፥ ፕሮግራሞቹም አንድ በአንድ ተፈልገው ይመለሳሉ፤ በዚህ መካከል የሚጠፋው የሥራ ቀንና የሚወጣው የኢንተርኔት ዳታ ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ባለቤቱ በሌላ ስፍራ ያላስቀመጠው የልጆቹ ፎቶግራፍ፥ የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ፥ ብዙ የደከመበትም ጽሑፍ ከበሽታው ጋር አብሮ መጠረጉ ነው። ከአንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለመዳን መላውን ዲስክ መጥረግ ግድ የነበረው ሌላ መንገድ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን ሌላ መንገድ አለ።

ፓኬጅና ሰንሰለቱ

ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 የጀመረው፥ ዛሬ ግን ከዓለም ሰርቨሮች እጅግ የሚበዙት የሚሠሩበት የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። በዚህ ሥርዓት ፕሮግራም ከተጠቃሚው ዘንድ የሚደርሰው ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ሆኖ ነው። እያንዳንዱም ፓኬጅ ሦስት ነገሮችን ይዞ ይመጣል፤ አንደኛ የፕሮግራሙን ፋይሎች፥ ሁለተኛ ፕሮግራሙ ይሠራ ዘንድ የሚያስፈልጉትን የሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር፥ ሦስተኛም በሚጫንበት ሰዓት የሚፈጸሙ አጫጭር ትእዛዞችን። እነዚህን ጥቅሎች የሚያመጣ፥ የሚጭን፥ የሚያነሣና የሚመዘግብ ፓኬጅ አስተዳዳሪ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች በዴቢያንና በኡቡንቱ አፕት፥ በፌዶራ ዲኤንኤፍ፥ በኦፐንሱዜ ደግሞ ዚፐር ይባላል።

አንባቢ «የተበላሸውን አዲስ ፓኬጅ አንሥቶ የቀድሞውን መጫን አይበቃምን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ ይበቃል። ነገር ግን አንዱ ፓኬጅ በሌላው ላይ የተደገፈ ስለ ሆነ፥ አንዱን ወደ ኋላ ለመመለስ ሃያውን መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የቀድሞው እትም ከተከማቸበት ሰርቨር ተነሥቶ ሊሆንም ይችላል፤ በጭነቱ ሰዓት የተፈጸሙት ትእዛዞች የለወጡትንም ፋይል ፓኬጁን ማንሣት ብቻውን ወደ ቀድሞው መልኩ አይመልሰውም። ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን፥ የተበላሸው ነገር ኮምፒዩተሩን ከመነሣት የሚከለክል ከሆነ፥ ፓኬጅ አስተዳዳሪው ራሱ የሚሠራበት መድረክ አለመኖሩ ነው፤ ሐኪሙና ሕመምተኛው በአንድ አካል ውስጥ ሲኖሩ ሐኪሙም አብሮ ይወድቃልና። ስለዚህ መድኃኒቱን ከፓኬጁ በታች ወርዶ፥ ፋይሎች ሁሉ ከተቀመጡበት ከዲስኩ ሥርዓት መፈለግ ግድ ሆነ።

የማይፍቅ ጸሐፊ

የዚህን ሥርዓት ምሥጢር ለመረዳት የብራና ጸሐፊን ሥራ ማሰብ ይበጃል። ጸሐፊው የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱን በስለት ይፍቅና በተፋቀው ስፍራ ላይ ትክክለኛውን ቃል ይጽፋል፤ ገጹ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፥ ከመፋቁ አስቀድሞ የነበረው ቃል ግን ጠፍቷል። ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት የፋይል ሥርዓቶች በዲስክ ላይ የሚጽፉት በዚሁ ልማድ ነው፤ የፋይል ይዘት ሲለወጥ አዲሱ በአሮጌው ስፍራ ላይ ይጻፋል። አሁን ደግሞ የተጻፈ ቅጠል ፈጽሞ የማይፍቅ ሌላ ጸሐፊ እናስብ። ይህ ጸሐፊ መለወጥ የሚገባው ገጽ ባገኘ ጊዜ ያንን ገጽ ብቻ በአዲስ ቅጠል ላይ አርሞ ይጽፈዋል፤ ከዚያም ገጾቹ የሚገኙበትን የሚያመለክተውን ማውጫ እንዲሁ በአዲስ ቅጠል ላይ ያዘጋጅና መጽሐፉ ከዚህ ወዲያ በአዲሱ ማውጫ እንዲነበብ ያደርጋል። አሮጌው ቅጠል ከስፍራው አልተነሣም፤ አሮጌውን ማውጫ ጠብቆ ያስቀመጠ ሰው ካለ መጽሐፉን ከእርማቱ በፊት እንደ ነበረ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው ይችላል።

በባለሙያዎች አነጋገር ኮፒ ኦን ራይት የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው፤ ስናፕሾት የሚባለውም አሮጌውን ማውጫ መጠበቅ እንጂ መጽሐፉን በሙሉ መገልበጥ አይደለም። ስለ ሆነም የዲስኩ ይዘት 20 ጊጋባይትም ሆነ 200 ጊጋባይት ስናፕሾት ለመውሰድ የሚፈጀው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ በተወሰደባትም ቅጽበት የሚይዘው ስፍራ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ስፍራ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ በበዛ መጠን ነው። ለምሳሌ ከስናፕሾቱ በኋላ በተደረገ አፕዴት 1 ጊጋባይት የሚያህሉ ፋይሎች በአዲስ ቢተኩ፥ አሮጌዎቹም ተጠብቀው ስለሚቆዩ በዲስኩ ላይ የተያዘው ስፍራ በዚያው በ1 ጊጋባይት መጠን ይጨምራል፤ ያልተለወጡት ፋይሎች ግን ለትናንቱም ለዛሬውም መልክ በጋራ ያገለግላሉ እንጂ ሁለት ጊዜ አይቀመጡም።

ይህ ሐሳብ በአንድ ሌሊት የተወለደ አይደለም። ዴቭ ሂትዝ፥ ጄምስ ላውና ማይክል ማልኮልም ኔትአፕ በሚባለው ኩባንያ ለፋይል ሰርቨሮች የሠሩትን ዋፍል የተባለ የፋይል ሥርዓትና ስናፕሾት የሚወስድበትን ብልሃት በ1994 በታተመ ጥናት ገለጡ። ከዚያም በሰን ማይክሮሲስተምስ ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አህረንስ በ2001 የጀመሩት ዜድኤፍኤስ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። በ2007 ደግሞ ኦሃድ ሮዴህ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ የፋይል ሥርዓት ማውጫ ያለ መፋቅ የሚታደስበትን ዘዴ በጥናት ባቀረበ ጊዜ፥ በዚያው ዓመት በኦራክል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ክሪስ ሜሰን በዚህ ዘዴ ላይ ተመሥርቶ ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን ለሊኑክስ መሥራት ጀመረ፤ ይኸውም በ2009 በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ተካተተ። ለታላላቅ ድርጅቶች ሰርቨር ብቻ የተጠበቀ ይመስል የነበረው ጸጋ በዚህ አኳኋን ላፕቶፕ ላለው ተማሪም ያለ ዋጋ ተዳረሰ።

ቁጥር 41 እና ቁጥር 42

ነገር ግን ችሎታ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ረስቶ የማይወስደው ስናፕሾት እንደሌለ ይቆጠራልና። የዲስኩን ችሎታ ከፓኬጅ አስተዳዳሪው ሥራ ጋር ያጋባው ስናፐር የተባለው መሣሪያ ነው፤ እርሱንም መቀመጫውን በጀርመን አገር በኑረምበርግ አድርጎ በነበረው በሱዜ ኩባንያ አርቪን ሽኔል በ2011 ሠራው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከወጣው ከኦፐንሱዜ 12.1 ጋር ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2014 ደግሞ ኦፐንሱዜ 13.2 እና የኩባንያው የድርጅቶች ሊኑክስ 12ኛ እትም ሲወጡ፥ ሲስተሙ የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል ሌላ ካልታዘዘ በቀር በቢቲአርኤፍኤስ እንዲሠራ ተደረገ።

አሠራሩን በቅርብ ለመመልከት የአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተርን በምሳሌ እንውሰድ። አስተዳዳሪው ዚፐርን አፕዴት እንዲያደርግ ያዝዛል። ዚፐር የሚለወጡትን ፓኬጆች ዘርዝሮ ፈቃድ ይቀበልና አንድ ፋይል እንኳ ከመንካቱ በፊት ስናፐርን ይጠራል፤ ስናፐርም የሲስተሙን መልክ በቁጥር 41 ይመዘግባል። ፓኬጆቹ ሁሉ ተጭነው ሲያልቁ እንደ ገና ተጠርቶ ቁጥር 42ን ይመዘግባል። ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ «በፊት» ሌላው «በኋላ» ተብለው በጥንድነት ይያያዛሉ፤ በአጠገባቸውም ቀኑና ሰዓቱ፥ ሥራውን የጀመረው ማን እንደ ሆነ፥ ምክንያቱም ዚፐር መሆኑ ይጻፋል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ወይም እርሱን የመሳሰሉ ዋና ዋና ፓኬጆች የሚነካ ለውጥ ከሆነ ጥንዱ «ጠቃሚ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ይህም ከሌሎቹ ይልቅ በጥንቃቄ እንዲጠበቅ ነው። አስተዳዳሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳች የሚያስታውሰው ነገር የለም።

በማግሥቱ ማተሚያው አልታዘዝ ይላል እንበል። አስተዳዳሪው «ስናፐር ሊስት» ብሎ ሲያዝዝ የስናፕሾቶቹን ዝርዝር ያያል፤ «ስናፐር ስታተስ 41..42» ሲል ደግሞ በሁለቱ መካከል የተለወጠው ፋይል ሁሉ በየመስመሩ ይዘረዘርለታል፤ አዲስ የመጣው በመደመር ምልክት፥ የጠፋው በመቀነስ ምልክት፥ ይዘቱ የተለወጠውም «ሲ» በምትባለው ፊደል ይታወቃል። በዝርዝሩ ውስጥ ካፕስ የሚባለው የማተሚያ አገልግሎት የቅንብር ፋይል መለወጡን ካየና የችግሩ ምንጭ እርሱ መሆኑን ካረጋገጠ፥ «ስናፐር አንዱቼንጅ» በሚለው ትእዛዝ ያንን አንድ ፋይል ብቻ እንደ ቁጥር 41 አድርጎ ይመልሰዋል፤ ሌላው የአፕዴቱ ትሩፋት ሁሉ በስፍራው ይቆያል። መላው ዲስክ ይጠረግ ከሚለው ፍርድ ጋር ሲመዛዘን ይህ እንዴት ያለ ምሕረት ነው!

ችግሩ ከዚህ የከፋ ሆኖ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሣ ቢልም መንገዱ አልተዘጋም። ኮምፒዩተሩ ሲበራ በሚወጣው የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ ከስናፕሾት መነሣት የሚያስችል ክፍል አለ፤ እርሱ ሲከፈት የተመዘገቡት ስናፕሾቶች ከነቀናቸው ይታያሉ። ቁጥር 41 ሲመረጥ ኮምፒዩተሩ ከአፕዴቱ በፊት በነበረው መልኩ ይነሣል፤ ነገር ግን ለጊዜው ሲስተሙ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይሆንም፤ ይህም ተጠቃሚው ትክክለኛውን ቀን መምረጡን ተረጋግቶ እንዲመረምር ነው። ሁሉ በደኅና መሥራቱን ካየ በኋላ «ስናፐር ሮልባክ» ብሎ ያዝዛል። በዚህ ጊዜ ስናፐር ሁለት ነገር ያደርጋል፤ በመጀመሪያ የተበላሸውን ሲስተም ራሱን ሳይጥል በስናፕሾት ያስቀምጠዋል፥ ቀጥሎም የተመረጠውን የቀድሞ መልክ ሊጻፍበት በሚቻል አዲስ ቅጂ አዘጋጅቶ ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተሩ ሁልጊዜ የሚነሣበት ያደርገዋል። ኮምፒዩተሩ ዳግመኛ ሲነሣ ሥራው ይፈጸማል።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ የሚደነቅ ጥንቃቄ አለ፤ የተበላሸው እንኳ ስለማይጣል፥ መመለሱ ስሕተት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ከመመለሱ ራሱ መመለስ ይቻላል፤ የብልሽቱንም ምክንያት ለመመርመር የሚሻ ባለሙያ ማስረጃው ሳይነካ ይቆየዋል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ከዚህ የሚገኝ ሌላ ጥቅም አለ። አፕዴቱ በመካከል ላይ እንዳለ መብራት ቢጠፋና ግማሹ ፓኬጅ አዲስ፥ ግማሹም አሮጌ ሆኖ ቢቀር፥ ቁጥር 42 ባይመዘገብም ቁጥር 41 ግን አስቀድሞ ተመዝግቧል። ባለቤቱ መብራት ሲመጣ ወደ እርሱ ተመልሶ ሥራውን ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል።

የማይመለሰው ነገር

ከዚህ በላይ የተባለውን ያነበበ ሰው «በማክሰኞ ዕለት የጻፍሁት ደብዳቤ ሲስተሙን ወደ ሰኞ በመለስሁት ጊዜ አብሮ ይጠፋልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ቢመለስ ኖሮ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ ጥፋት በሆነ ነበር። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ዋና ፍሬ ነገር ምን እንደሚመለስና ምን እንደማይመለስ መለየት ነው። ኦፐንሱዜ በሚጫንበት ጊዜ ዲስኩ በቢቲአርኤፍኤስ ውስጥ ንኡሳን ክፍሎች ይደረጉለታል፤ የአንዱ ክፍል ስናፕሾት ሌላውን ክፍል አይጨምርም። የተጠቃሚዎች ፋይሎች የሚቀመጡበት ሆም፥ ዳታቤዞች፥ የኢሜይል ክምችትና የክንውን መዝገቦች የሚገኙበት ቫር፥ የድረ ገጽ ሰርቨር ይዘት የሚኖርበትም ኤስአርቪ ከሲስተሙ ስናፕሾት ውጭ ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደ ሰኞ ሲመለስ ደብዳቤው፥ የደንበኞች ሒሳብና የማክሰኞው ኢሜይል ባሉበት ይቆያሉ።

ይህን ድንበር ማስመር ግን እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። የትኞቹ ፓኬጆች በኮምፒዩተሩ ላይ እንዳሉ የሚመዘግበው፥ አርፒኤም የሚባለው መዝገብ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው በቫር ውስጥ ነበር። እንግዲህ ፕሮግራሞቹ ወደ ኋላ ሲመለሱ መዝገቡ ከቫር ጋር ባለበት ቢቀር፥ መዝገቡ «አዲሱ እትም አለ» ሲል ዲስኩ ግን አሮጌውን ይዞ ይገኛል፤ መዝገብም እውነትን ካልተናገረ ፓኬጅ አስተዳዳሪው ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ በሐሰት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ስለዚህ የሱዜ ባለሙያዎች መዝገቡን ከቫር አንሥተው ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ወደሚኖሩበት ወደ ዩኤስአር አዛወሩት፤ ሁለቱም አብረው እንዲሄዱ፥ አብረውም እንዲመለሱ አደረጉ። ፌዶራም በ2022 በወጣው በ36ኛው እትሙ ይህንኑ አደረገ። አንድን መዝገብ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማዛወር ለተመልካች ኢምንት ነገር ቢመስልም፥ የሥርዓቱ ታማኝነት የተመሠረተው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ጥንቃቄዎች ላይ ነው።

ድንበሩ ያልፈታው አንድ ችግር ግን አሁንም አለ። አንድ የዳታቤዝ ፕሮግራም ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር በቫር ያሉትን የዳታ ፋይሎች ወደ አዲስ አቀማመጥ ሊለውጣቸው ይችላል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ብቻ ወደ ኋላ ቢመለስ፥ አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ አቀማመጥ የተጻፈውን ዳታ ማንበብ ያቅተው ይሆናል። ዳታውም አብሮ ይመለስ እንዳይባል፥ ከዚያ ወዲህ የገባው የደንበኞች ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ዳታቤዝ ያለበትን ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው በስናፕሾት ሳይመካ ከአፕዴቱ በፊት የዳታውን ቅጂ በዳታቤዙ በራሱ መሣሪያ ለብቻው ሊያወጣ ይገባዋል።

የስናፕሾት ወሰን

ሰዎች ስለ ስናፕሾት አብዝተው የሚሳሳቱት ባክአፕ የያዙ እየመሰላቸው ነው። ስናፕሾት የሚኖረው ዋናው ሲስተም በሚኖርበት በዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ያልተለወጡትን ፋይሎችም ከዋናው ጋር በጋራ ይጠቀማል። ዲስኩ ቢቃጠል፥ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ውሃ ቢገባበት ስናፕሾቱ ሁሉ ከዋናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዚህም በላይ፥ አስቀድመን እንዳየነው፥ የሲስተሙ ስናፕሾት የባለቤቱን ፎቶግራፍና ጽሑፍ ጭራሹን አይጨምርም። ስናፕሾት ከራሳችን ለውጥ ያድነናል፤ ከእሳት፥ ከሌባና ከዲስክ ሞት የሚያድነን ግን በሌላ ዲስክና በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ባክአፕ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወሰን የስፍራ ጉዳይ ነው። አሮጌው ቅጠል ተጠብቆ ስለሚቆይ፥ ዲስኩ ሲሞላ ትልልቅ ፋይሎችን መደምሰስ እንደ ወትሮው ስፍራ አይለቅም፤ ፋይሉን የሚያመለክት አንድ ስናፕሾት እንኳ እስካለ ድረስ ይዘቱ በዲስኩ ላይ ይኖራል። ይህን ያልተረዳ ሰው እየደመሰሰ የተያዘው ስፍራ ግን አለመቀነሱን አይቶ ግራ ይገባዋል። ስናፐር ለዚህ ራሱን የሚያጸዳበት ሥርዓት አለው፤ በኦፐንሱዜ እንደ ተለመደው አቀማመጥ ከተራዎቹ ስናፕሾቶች እስከ 10 ይጠብቃል፥ የያዙት ስፍራ ከዲስኩ ክፍል እኩሌታ ያለፈ እንደ ሆነ ግን እስከ 2 ድረስ እየቀነሰ ከጥንቶቹ ጀምሮ ያስወግዳል፤ «ጠቃሚ» የተባሉትን ግን ከ4 በታች አያወርዳቸውም። ስለዚህ ሲስተሙ የሚቀመጥበትን የዲስክ ክፍል ሲጫን ጠባብ አድርጎ የሠራ ሰው ከዚህ ጥበብ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

የዚህ ሐሳብ ወዳጅ ሱዜ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ሲስተም ሪስቶር የተባለውን መሣሪያ በ2000 ከሚሌኒየም እትሙ ጋር አቅርቦ ነበር፤ ምንም እንኳ አሠራሩ የተለየ ቢሆን ዓላማው የተቀራረበ ነው። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በዜድኤፍኤስ ላይ ተመሥርቶ ሲስተሙን በተለያዩ መልኮች አስቀምጦ ከመረጡት መነሣት ያስችላል። በሊኑክስ ሚንት ታይምሺፍት የሚባለው መሣሪያ ለጀማሪ በሚመች መስኮት ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል፤ ቢቲአርኤፍኤስ በሌለበትም ዲስክ ላይ፥ ስፍራና ጊዜ አብዝቶ ቢፈጅም፥ ፋይሎችን በመገልበጥ ይሠራል። ፌዶራም ከ33ኛው እትሙ ጀምሮ፥ ማለት ከ2020 ወዲህ፥ ለግል ኮምፒዩተር የሚሆነውን በቢቲአርኤፍኤስ ስለሚጭን ስናፐርን በላዩ ማዋቀር የሚሻ ሰው መሠረቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የነገሩ ብያኔ ይህ ነው። አፕዴትን መፍራት የሚገባ የነበረው የሚመለሱበት መንገድ ባልነበረ ጊዜ ነው፤ መመለሻው ሰው ሳያስታውሰው በራሱ የሚሰናዳ ከሆነ ግን ፍርሃት ምክንያቱን ያጣል፤ ማሻሻያ በወጣ ቀን የሚቀበልና ለሌባ ቀዳዳ የማይተው ሰው ለመሆን የሚያስፈልገው ድፍረት የሚገኘውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሊኑክስ ኮምፒዩተር የምታስተዳድሩ ሁሉ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ አዲስ ሲስተም ስትጭኑ ለስናፕሾት የሚበቃ ስፍራ መድቡ፤ ከሚመጣው አፕዴት በፊት ስናፐር ወይም ታይምሺፍት በእርግጥ መሥራቱን ተመልከቱ፤ ችግር በሌለበት ቀንም ከስናፕሾት ተነሥታችሁ መመለስን አንድ ጊዜ ተለማመዱ፤ የማይተካውን ፋይላችሁን ደግሞ ከኮምፒዩተራችሁ ተለይቶ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥን አታቋርጡ።